የማኅበር ብስክሌት

በሰው አገር የሚሰነብት እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ከተማውን ያደንቃል፤ በማግሥቱ ቤተ መዘክሩን ያደንቃል፤ ከዚያ ወዲያ ግን ከሕንፃውም ከሥዕሉም ይልቅ የሚያሳስበው የገዛ እግሩ ነው። ፓሪስን በእግሩ ያየ ሰው ይህን አይስተውም። ጧት በሉቭር ከአዳራሽ ወደ አዳራሽ ሲዞር አርፍዶ፣ ቀትር ላይ «እዚሁ ቅርብ ነው» ወዳሉት ወደ ኖትር ዳም ካቴድራል ወርዶ፣ ከዚያም የኤፍል ግንብ ከሩቅ ስለ ታየ ብቻ የቀረበ መስሎት የሴንን ወንዝ ዳር ዳሩን ሲከተል የዋለ መንገደኛ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አንድ አግዳሚ ወንበር አግኝቶ የጫማውን ማሰሪያ ሲያላላ፣ ከፊት ለፊቱ በብረት ምሰሶዎች ላይ ተሰክተው የተሰለፉ፣ ገሚሶቹ አረንጓዴ ገሚሶቹ ሰማያዊ የሆኑ፣ ባለቤት የሌላቸው የሚመስሉ ብስክሌቶች ይታዩታል፤ ያን ጊዜም ልቡ ይመኛል።

እነዚህ ብስክሌቶች ቬሊብ ይባላሉ። ቤርትራን ዴላኖዌ የፓሪስ ከንቲባ በነበሩበት ዘመን፣ በፈረንጆች አቆጣጠር (ከዚህ ወዲያ ያለው ዘመን ሁሉ በዚሁ ነው) በ2007 ዓ.ም. በሐምሌ ወር፣ 7,000 ያህል ሆነው በ750 ጣቢያዎች ተተከሉ፤ በዓመቱም ቁጥራቸው ከእጥፍ በላይ ሆነ። ሊዮን የምትባለው ከተማ በ2005 ዓ.ም. ይህንኑ ጀምራ ስለ ነበር፣ ፓሪስ የቀደመችው በብዛት እንጂ በሐሳብ አይደለም። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ማንኛውም ሰው ከአንዱ ጣቢያ ብስክሌት ይወስዳል፣ ጉዳዩ ወዳለበት ይነዳል፣ እዚያም ከሚያገኘው ጣቢያ ሰክቶ መንገዱን ይሄዳል። ማሳደሪያ ቤት አይፈልግ፤ ጎማ ማስነፋት የለ፤ ሌባን መፍራት የለ። የማንም ያልሆነች፣ ስለዚህም የሁሉም የሆነች የማኅበር ብስክሌት ናት።

እንግዳው ይህን ሲሰማ ብስክሌት የተከራየ ይመስለዋል። እውነቱን ለመናገር ግን ገንዘቡን የሚከፍለው ለጊዜ ነው፤ ከጊዜውም ይልቅ የሚከብደው በመጨረሻ ብስክሌቷን የሚሰካበት ባዶ ምሰሶ ማግኘት ነው። መውሰድ ለሁሉም ተሰጥቷል፤ ጥበብ የሚጠይቀው መመለሱ ነው።

እኔን በዚህ ሥርዓት ያጠመቀኝ ትምህርቱን በፓሪስ ጨርሶ በዚያው ሥራ የያዘ የእኅቴ ልጅ ነው። በጣቢያው ራስጌ አንድ የብረት ሳጥን ቆሟል፤ በፊቱ ላይ ብርሃን ያለው መስኮት አለው፤ በየቋንቋው ያነጋግራል። ሳጥኑ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስምን ወይም አገርን አይደለም፤ የባንክ ካርድ ነው። የአገራችን መንገደኛ ደግሞ እንደሚታወቀው ከቦሌ ሲነሣ በብዙ ደጅ ጥናት ያገኛትን የውጭ ምንዛሪ በጥሬው ይዞ፣ አንዱ ቢጠፋ አንዱ እንዲተርፍ በየኪሱ ከፋፍሎ፣ የቀረውንም ባለቤቱ ከካፖርቱ ገበር ሥር ሰፍታለት የሚሄድ ፍጡር ነው። ሳጥኑ ጥሬ ገንዘብ አያውቅም፤ በሰው ዋስም አያምንም። ዋስትናው ከካርዱ ላይ የሚታገድ ገንዘብ ነው፤ ይኸውም በመጀመሪያው ዘመን 150 ዩሮ ነበረ፣ ኋላ 300 ዩሮ ሆኗል። ብስክሌቷ በደኅና ከተመለሰች አይነካም፤ የቀረች እንደ ሆነ ግን ይወሰዳል።

«ጋሼ፣ በእኔ ካርድ እንውሰድ» አለኝ የእኅቴ ልጅ፤ «ብቻ ሲመልሱ በደንብ ይቈልፉት፤ አለዚያ ሦስት መቶው ዩሮ የሚሄደው ከእኔ ነው።»

«ሦስት መቶ ዩሮ አስይዤ በብስክሌት ከምሄድ እግሬ እንዳበጠ ብቀመጥ አይሻልም?» አልሁት።

«አይወስዱትም እኮ ጋሼ፤ ያግዱታል እንጂ።»

«ልጄ፣ ታግዶ የተመለሰ ገንዘብ አንተ አይተሃል?»

አይቷል አሉ። ሰው በውጭ አገር ሲኖር ብዙ ነገር ያያል።

ከዚህ በኋላ ምርጫው መጣ፤ እኔ ከፊት ለፊቴ የነበረችውን፣ ቀለሟ ያልተላላጠውን ይዤ ልስባት ስል ልጁ እጄን ያዘኝ። «ኮርቻዋ ወደ ኋላ የዞረውን አይንኩ፤ ታማለች» አለኝ። አዎን፣ የኮርቻዋ ሹል ወደ መሪው መዞር ሲገባው ወደ ኋላ ጎማው ዞሮ ኖሯል። ማን እንዳዞረው ብጠይቀው ከእኛ በፊት የነዳት ሰው ነው አለኝ። ይህ አዋጅ ያልወጣበት፣ ከንቲባ ያልፈረመበት፣ በሳጥኑም ላይ ያልተጻፈ ደንብ ነው፤ ፓሪሳዊ ሰንሰለቷ የወለቀ ወይም ጎማዋ የተነፈሰ ብስክሌት ሲያጋጥመው ኮርቻዋን ወደ ኋላ አዙሮ ይመልሳታል፣ ከእርሱ በኋላ የሚመጣው የማያውቀው ሰው ተታልሎ እንዳይወስዳት። በመንገድ ላይ ሰላምታ ይነፍጋል እየተባለ በዓለም ሁሉ የሚታማው ይህ ሕዝብ ለባልንጀራው በስውር የሚመጸውተውን ምጽዋት ያየሁት በዚህ ነው። ምስጢሩን የማያውቅ እንግዳ ግን ብስክሌት በጠፋበት ሰዓት አንዲት ቀርታ ሲያገኝ ዕድሉን እያመሰገነ ኮርቻዋን ያቃናና ይወጣባታል፤ ያን ጊዜ ከጀርባው የቆሙት ፓሪሳውያን ምንም ሳይናገሩ ይመለከቱታል፤ ይህም የጠባያቸው ሌላው ወገን ነው።

የእኅቴ ልጅ ኮርቻቸው የቀናውንም አላመነም። የፊቱን ጎማ በአውራ ጣቱ ተጫነ፤ ፍሬኑን ቀኙንም ግራውንም ጨበጠ፤ የኋላዋን ብድግ አድርጎ ፔዳሉን በእጁ እያዞረ ሰንሰለቱ ሲሮጥ አዳመጠ፤ ደወሉን እንኳ ሳይቀር ደወለ። ሁለቱን ጥሎ በሦስተኛዋ ረካ። እኔ በዚህ ሁሉ ጊዜ ካፖርቴን ሰብስቤ ቆሜአለሁ።

ስለ ክፍያው ጥቂት ልበል፤ የነገሩ ሁሉ ቍልፍ እርሱ ነውና። ቬሊብ ሲጀመር የቀኑ ፈቃድ 1 ዩሮ ብቻ ነበረ፤ የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ምንም አይከፈልበትም፤ ሁለተኛው ግማሽ ሰዓት 1 ዩሮ፣ ሦስተኛው 2 ዩሮ፣ ከዚያ ወዲያ ግን ግማሽ ሰዓት በመጣ ቍጥር 4 ዩሮ ነው። ዋጋው ዛሬ ተለውጧል፤ ጠባዩ ግን ያው ነው። አንዲት ብስክሌት በቀን ለብዙ ሰው እንድትደርስ የታሰበ ስለ ሆነ፣ ሥርዓቱ የሚቸኵለውን ይክሳል፣ የሚዘገየውን ይቀጣል። ጧት ከቤቱ ወጥቶ ወደ ባቡር ጣቢያ የሚሮጥ ነዋሪ ከዐሥር ደቂቃ በላይ አያስፈልገውም፤ እንግዳ ግን ዘገምተኛ ነው፤ ድልድይ ባየ ቍጥር ይወርዳል፣ ሐውልት ባየ ቍጥር ይጠይቃል፣ ፎቶግራፍ ያነሣል፣ ያነሣውም ካላማረው ይደግማል። በኪሱ ውስጥ ግን ሰዓቱ ይቈጥራል።

ይህን ሕግ ለመረዳት እኔ አልተቸገርሁም፤ በአዲስ አበባ ያደገ ሁሉ በልጅነቱ ተምሮታልና። የሰፈራችን ሳይክል አከራይ ግንብ ተደግፎ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል፤ ብስክሌቶቹ ቀለማቸው ለቅቆ፣ ፍሬናቸው ላልቶ፣ ከአጠገቡ ተደርድረዋል፤ ለሩብ ሰዓት ይህን ያህል፣ ለግማሽ ሰዓት ይህን ያህል ብሎ ያከራያል፤ ያሳለፈ ጭማሪ ይከፍላል፤ ጭማሪውን ያልከፈለ ደግሞ በማግሥቱ ኮርቻ አይነካም። ነገር ግን አከራዩ ሰው ነበረ። «ዳገቱ ላይ ሰንሰለቱ ወልቆብኝ ነው» ያለውን ልጅ እጁን አሳየኝ ይለዋል፤ በመዳፉ ላይ ጥቍሩን ቅባት ካየ ይምረዋል፤ ቅባቱ ከሌለም ትንሽ ይቈጣና «እናትህን ስለማውቃት ነው» ብሎ ያልፈዋል። የፓሪሱ ሳጥን የማንንም እናት አያውቅም።

ስለ መንገዱ ብዙ የምለው የለኝም፤ ከሴን ወንዝ በስተቀኝ ባለው ዳርቻ በ2016 ዓ.ም. ለመኪና በተዘጋው ጎዳና ላይ የነዳ ሰው ተድላ ምን እንደ ሆነ ያውቃልና ልንገርህ ማለት ትርፍ ነው። ስለ ኤትዋል አደባባይ ግን ዝም ብዬ አላልፍም። በዚህ አደባባይ መካከል የናፖሌዎን የድል በር ቆሟል፤ ዙሪያውን 12 ሰፋፊ ጎዳናዎች ይገናኙበታል። በአብዛኛው የፈረንሳይ አገር አደባባይ ውስጥ ገብቶ የሚዞረው ቅድሚያ አለው፣ ገና የሚገባው ይጠብቃል፤ በኤትዋል ግን ከቀኝ ለሚመጣ ቅድሚያ ስጥ የሚለው ጥንታዊ ሕግ ስለሚሠራ፣ የሚገባው እየገባ፣ የገባው በመካከል ይቆማል። እንግዲህ ከዐሥራ ሁለት አፍ መኪና በሚተፋበት በዚህ ባሕር ውስጥ አንድ የአገሬ ሰው ካፖርቱ እየተውለበለበ በብስክሌት ቢታይ ዘመዶቹ ምን ይላሉ? የእኅቴ ልጅ ጥበበኛ ነውና ገና ከሩቁ «ጋሼ፣ እዚህ እንውረድና በእግረኛው መንገድ እየገፋን እንዙር» አለኝ። ሁለታችንም ወረድን። በግማሽ ሰዓት ሒሳብ የተከፈለበትን ብስክሌት እየገፉ በእግር መሄድ ከክብር ዝቅ የሚያደርግ ቢመስልም፣ ያን ቀን ግን ከንጉሠ ነገሥቱ የድል በር ፊት በእግሩ ከሚያልፈው ሕዝብ መካከል ከእኔ የበለጠ ደስ ያለው አልነበረም።

አሁን ወደ መመለሱ ልምጣ። የአንድ ከተማ ሕዝብ ጧት ጧት ከመኖሪያው ወደ መሥሪያ ቤቱ፣ ማታ ማታ ከመሥሪያ ቤቱ ወደ መኖሪያው ይጎርፋል፤ ብስክሌቶቹም አብረውት ይጎርፋሉ። ስለዚህ ጧት በመሥሪያ ቤቶች አጠገብ ባዶ ምሰሶ አይገኝም፣ በመኖሪያው ሰፈር ደግሞ ብስክሌት አይገኝም፤ ማታ ነገሩ ይገለበጣል። በዚህ ላይ የዳገቱ ነገር አለ። ሞንማርትር በፓሪስ ተራራ ይባላል፤ ከፍታው ከባሕር ወለል 130 ሜትር ያህል ነው። እንጦጦን ከ3,000 ሜትር በላይ በራስጌው አድርጎ ያደገ ሰው በዚህ ተራራ ቢስቅ አይፈረድበትም፤ ነገር ግን ሳቁን ዳገቱ እስኪጀምር ድረስ ይቈጥበው፤ የመጀመሪያዋ ቬሊብ ሌባና ዝናብ እንዲፈሯት ተብላ በመሠራቷ 22 ኪሎ ያህል ትመዝን ነበርና። ፓሪሳዊው ይህን ዐውቆ ጧት ከሞንማርትር ቍልቍለቱን በብስክሌት እንደ ንፋስ ይወርዳል፤ ማታ በምድር ውስጥ ባቡር ይመለሳል። እንዲህም ሆኖ ብስክሌቱ ሁሉ ከታች ይከማቻል፣ ላይኛው ጣቢያ ይራቈታል። የሥርዓቱ ባለቤቶች በጭነት መኪና እየጫኑ ወደ ላይ ይመልሱታል፤ ይህም አልበቃ ቢላቸው ብስክሌት እየነዳ ወደ ዳገታማው ጣቢያ ለወጣ ሰው 15 ደቂቃ ጉርሻ ይሰጡት ጀመር። በላብ የተገኘ 15 ደቂቃ ነው።

እንግዳ ይህን የሕዝብ ማዕበል አያውቅም። ከኤፍል ግንብ አጠገብ ካለው ጣቢያ ሲደርስ ግማሽ ሰዓቱ ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል፤ ምሰሶዎቹ ሁሉ ተይዘዋል። ከእርሱ በፊት የደረሱ ሁለት ሌሎች እንግዶች ብስክሌታቸውን ይዘው ቆመዋል። ሰው ወደ ጣቢያው በቀረበ ቍጥር ሦስቱም አንገታቸውን ያቀናሉ፤ የመጣው ሰው ብስክሌት ወስዶ ምሰሶ ከለቀቀ ደግ፣ እንደ እነርሱው ሊመልስ የመጣ እንደ ሆነ ግን በአራት ቋንቋ ዝምታ ይሆናል። ለዚህም ምሕረት አልተነፈገም፤ በመጀመሪያው ዘመን ሳጥኑን ጣቢያው ሞልቷል ብለው ቢያስታውቁት ሌላ 15 ደቂቃ ጨምሮ ባዶ ምሰሶ ወደሚገኝበት ቅርብ ጣቢያ ይመራ ነበር። ብቻ እዚያ እስኪደረስ ሌላ ሰው ቢቀድም ሳጥኑ ኀላፊነት አልነበረበትም።

ከተሰካም በኋላ ነገሩ አላለቀም። ምሰሶው ብስክሌቷን በሙሉ ልቡ መጨበጡን በድምፅና በመብራት እስኪያረጋግጥ ድረስ ሰዓቱ አይቆምም። የእኅቴ ልጅ ድምፁን ሰምቶ፣ መብራቱን አይቶ፣ ከዚያም እንደገና ወደ ኋላ ጎትቶ ይፈትናታል። «እነዚህ ፈረንጆች ባይተማመኑ ነው» ብለው «አይ ጋሼ፣ እኔ ነኝ የማላምናቸው» አለኝ።

ሳጥኑ ይህን ያህል ጨካኝ የሆነበት ምክንያት አለው፤ አባቶቹ የዋሆች ነበሩ። በ1965 ዓ.ም. በአምስተርዳም ፕሮቮ የሚባሉ ወጣቶች፣ ከእነርሱም ሐሳቡን ያመነጨው ሉድ ስኪመልፔኒንክ፣ መኪና ከተማይቱን አበላሸ ብለው ብስክሌቶችን ነጭ ቀለም ቀቡና ሳይቈልፉ በመንገድ ላይ አኖሩ፤ የሐዋርያት ማኅበር ገንዘቡን ሁሉ አንድ እንዳደረገ፣ የፈለገ ይንዳ፣ በደረሰበትም ይተው ብለው። ፖሊስ መጥቶ ሰበሰባቸው። ሌብነት ነው ብሎ አይደለም፤ ብስክሌት ሳይቈለፍ በመንገድ መተው በሕግ የተከለከለ ስለ ነበረ ነው። በዚያች ከተማ ሌባ ሳይደርስባቸው ሕግ ደረሰባቸው።

በ1995 ዓ.ም. ኮፐንሃገን ሌላ ዘዴ አመጣች፤ 20 ክሮነር ሳንቲም ከመሪው ሥር ቢከቱባት የምትፈታ፣ ስትመለስ ሳንቲሙን የምትተፋ ብስክሌት። ለእንግዳ ከዚህ የተመቸ አልተፈጠረም፤ ስም አትጠይቅ፣ ካርድ አትጠይቅ፣ ሰዓት አትቈጥር። ይሁን እንጂ 20 ክሮነር ለአንዲት ብስክሌት ርካሽ ዋጋ መሆኑን የተረዱ ብዙ ሰዎች ነበሩ። ፓሪስ ከዚህ ተምራ ካርድና ዋስትና ብትጠይቅም ፈጽማ አልዳነችም። በ2016 ዓ.ም. የሳን ማርታን የውሃ ቦይ ለጽዳት ተከፍቶ ውሃው በጎደለ ጊዜ፣ ከጭቃው ውስጥ ከጠርሙሱና ከወንበሩ ጋር ቬሊቦች ብቅ ብቅ አሉ። ማን ወረወራቸው? ግማሽ ሰዓቱ ሊሞላበት ባዶ ምሰሶ ያጣ አንድ ምስኪን እንግዳ ይሆን እያልሁ አስብ ነበር፤ የእኅቴ ልጅ ግን ሰካራሞች ናቸው ይላል።

ሌሎቹን ከተሞች በአጭሩ ላንሣ። ለንደን በ2010 ዓ.ም. የጀመረችው ሥርዓት ለእንግዳ 1፣ 2 እና 3 በሚሉ ሦስት ቍጥሮች ብቻ የተቀመረ ባለ አምስት አኀዝ ምስጢር ይሰጣል፤ ምስጢሩ ቀላል ነው፣ የሚያስቸግረው በግራ መንዳቱ ነው። የባርሴሎናዋ ቢሲንግ ለነዋሪ ብቻ ናት፤ እንግዳ ቀይና ነጭ ሆና ስታልፍ እያየ ይቀራል፤ ዘመድ ያለው እንኳ ከዘመዱ ካርድ መዋስ የለበትም። በዋሽንግተን ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ቀይ ብስክሌቶች አሉ፤ ከካፒቶል እስከ ሊንከን መታሰቢያ ሜዳ ለሜዳ ስለ ሆነ ለጀማሪ መልካም ነው። ሆኖም የእኛ ሰው በበዛበት በዩ ጎዳና በኩል የሚነዳ ኢትዮጵያዊ ይዘጋጅ፤ ቀይ መብራት ላይ ሲቆም ከአጠገቡ ያለው የታክሲ መስኮት ይወርድና አንድ የተከበሩ አዛውንት «የኔ ወንድም፣ ምን ደርሶብህ ነው? በል ግባ፣ ላድርስህ» ይሉታል። ለመዝናናት ነው ብሎ ማስረዳት አይቻልም፤ መብራቱ አረንጓዴ ይሆናል።

ከሁሉ ግን እኔ የምፈርደው ለሆላንዶች ነው። በአምስተርዳም ፖሊስ የሰበሰበው የነጭ ብስክሌት ሐሳብ ከ1974 ዓ.ም. ጀምሮ በሆኸ ፌሉወ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ይኖራል። ከ5,000 ሄክታር በላይ በሆነው በዚህ ዱርና ሜዳ መካከል የቫን ጎግን ሥዕሎች በብዛት የያዘው የክሮለር ሙለር ቤተ መዘክር አለ፤ በፓርኩም በሮች አጠገብ ከ1,000 በላይ ነጫጭ ብስክሌቶች ያለ ቍልፍ ቆመዋል። ካርድ የለ፣ ሳጥን የለ፣ ግማሽ ሰዓት የለ፤ የመግቢያውን የከፈለ ሁሉ ያነሣል፣ በሚያርፍበት ያቆማል፣ ሲወጣ ሌላውን ይወስዳል። ቍልፉን ከብስክሌቱ ላይ አንሥተው አጥሩን በፓርኩ ዙሪያ አደረጉት፤ ከበሩ ውጭ ይዞ መውጣት ክልክል ነው።

ወደዚያ የምትሄድ አንባቢ አንድ ነገር አደራ፤ እነዚያ ነጫጮች በመሪያቸው ላይ ፍሬን የላቸውም። ማቆም ስትፈልግ ፔዳሉን ወደ ኋላ እርገጥ፤ ይህንንም ቍልቍለቱ ከመጀመሩ በፊት በሜዳው ላይ ሞክረው።